በባል ስም የሚወጣ ቃሬዛ

ነገሩ የሆነው ከሚሊኒየሙ በዓል ሁለት ክረምት ቀደም ብሎ፣ ከሸሕዲ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ ስኖር ነው። በዕድሜዬ ብዙ ክፉ ነገር አይቼ አብዛኛውን ረስቻለሁ። ይህን ያልረሳሁት ያደረጉት ሰዎች ክፉዎች ስላልነበሩ ይመስለኛል። ለቅሶ የሚደርሱ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ በሰው ዘንድ የተከበሩ ነበሩ።

ቀበሌያችን ክረምት ሲገባ ከመንገድ ትቆረጣለች። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ዝናብ ሲነካው መኪና ቀርቶ ትራክተርም ይይዛል። የታመመ ሰው እስከ ዋናው መንገድ የሚደርሰው በቃሬዛ ነው። ቃሬዛው የዕድሩ ሲሆን የሚቀመጠው በሊቀመንበሩ በአቶ ደረሰ ግቢ ነበር። የሚሸከሙት ወንዶች ብቻ ናቸው። የዕድር አባል የሚሆነውም ባል ነው፤ ሚስት ብትታመም በባሏ ስም ትወጣለች። እኔ እንኳ ባሌ ከሞተ በኋላ በዕድሩ የምጠራው በእሱ ስም ነበር።

ያን ጊዜ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። ጎንደር እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለተማርኩ ነው የመረጡኝ።

በነሐሴ፣ በሚካኤል ዕለት ጠዋት፣ ብርቄ የምትባል ልጅ እየሮጠች ቤቴ ገባች። ከጎጃም ለአረም ሥራ መጥታ በአንድ የሰሊጥ እርሻ ካምፕ ለሠራተኞች የምታበስል ናት።

"እማማ፣ የኔዓለም በምጥ ልትሞትብኝ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አምጣ አልወለደችም" አለችኝ።

የኔዓለም አብራት የምታበስል ሴት ናት። ሠራተኞቹ በጋቢ ተሸክመው እስከ ትምህርት ቤታችን አድርሰዋት ነበር። እዚያ ሲደርሱ ካቦው "አረሙ ሰሊጡን ዋጠው" ብሎ መለሳቸው። ካምፕ በዓል አያውቅም።

ሄጄ አየኋት። በተዘጋው ክፍል በረንዳ ላይ ተኝታ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች። አልጮኸችም። የመጮኽ አቅም አልነበራትም።

ወደ አቶ ደረሰ ቤት ሄድኩ። በዓል ስለሆነ የዕድሩ ወንዶች እዚያ ተሰብስበዋል። ቃሬዛው በቤቱ ጎን ግድግዳው ላይ ተደግፎ ይታየኛል። ጉዳዩን ተናገርኩ።

"የማን ቤተሰብ ናት?" አሉኝ አቶ ደረሰ።

"የካምፕ ሠራተኛ ናት። ከጎጃም የመጣች።"

"ባሏስ?"

"ባል የላትም።"

ተያዩ። ከኋላ አንዱ "እንግዲያ ያስረገዛት ይሸከማታ!" አለና ሳቁ።

አቶ ደረሰ አልሳቁም። በትሕትና ነበር የመለሱልኝ። "እትዬ ስንዱ፣ ልብዎ መልካም ነው። ግን ዛሬ ለካምፕ ሴት ካወጣን ነገ ለቡና ቤቷ ልናወጣ ነው። ያለን ቃሬዛ አንድ ነው። እስቲ ይቀመጡ፣ አባላቱ ይምከሩበት።"

ምክሩ ተጀመረ። እንደ ደንቡ ከታላቁ ተነሥቶ ወደ ታናሹ ሲሄድ፣ ሁሉም በየተራው ስለ ዕድሩ ሕግ ተናገረ። አንዱ የተናገረውን ሌላው ደገመው። እኔ ስለ ሴቲቱ አንድ ቃል ለመጨመር ብነሣ "ይታገሡ፣ ተራ ይጠበቅ" ተባልኩ። ታገሥኩ። እስከ ረፋድ ድረስ ታገሥኩ።

መጨረሻ ላይ ትቻቸው ወደ ማኅበራችን ሴቶች ሄድኩ። አንዷ ነጠላዋን እያስተካከለች "ማኅበርተኛ አይደለች። አባት ለሌለው ልጅ ብለን ከባሎቻችን ጋር ልንጣላ ነው?" አለችኝ። ሌሎቹም ወደ ቡናቸው ዞሩ። ከወንዶቹ ሳቅ ይልቅ ይህ አቃጠለኝ።

ወሬውን ሰምተው የተነሡት ማኅበራችን ያልተቀበላቸው ሁለት ሴቶች ናቸው። ዘነቡ አረቄ ትሸጣለች፤ አረቄ ሻጭ አንቀበልም ብለን መልሰናት ነበር። ሐዋ ከገዳሪፍ ተመልሳ ሻይ የምትሸጥ ናት፤ እሷን ደግሞ "ነገ ወደ ሱዳን ትሄዳለች" ብለን ትተናታል።

"ባል ነው እንዴ የሚያምጠው?" አለች ዘነቡ። "ተነሡ እንጂ!"

በአቶ ደረሰ ጓሮ በኩል ዞርን። ባለቤታቸው ትርንጎ ውስጥ ሆና ሁሉንም ስትሰማ ቆይታለች። ወንዶቹ ፊት በኩል ሲነጋገሩ እሷ ቃሬዛውን አንሥታ በአጥር አሳለፈችልን። ከዚያ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ራሷም ተከተለችን።

ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ከብርቄ ጋር አምስት ሆነን የኔዓለምን እየተቀያየርን ተሸከምናት። ዋልካው ጫማችንን አንድ በአንድ ወሰደው። ሐዋ ቶቧን፣ ያንን የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን ረጅም ልብስ፣ ከላይዋ ፈትታ አለበሰቻት። ብርቄ "አይዞሽ፣ ደረስን" ትላታለች፤ ገና አልደረስንም ነበር። ከአንድ አጥር ሥር የቆመ ሰውዬ "ሴት ቃሬዛ ስትሸከም ዛሬ ገና አየን!" ብሎ ጮኸ።

"እንግዲያ ጠግበህ እይ!" አለችው ዘነቡ ሳትዞር።

እሱም ቆሞ አየ።

መንገዱ ላይ አንድ የአይሱዙ ሾፌር የማን ናት ሳይል ጭነቱን ገፋ አድርጎ ሸሕዲ ጤና ጣቢያ አደረሰን። የኔዓለም ተረፈች። ልጇ ሴት ነበረች፤ ሞታ ተወለደች። አዋላጁ እጁን እየታጠበ "ረፋድ ላይ ብትደርሱ ኖሮ..." ብሎ ጀመረና ፊታችንን አይቶ ተወው። ረፋድ ላይ የት እንደነበርኩ አውቃለሁ። ተራ እየጠበቅሁ ነበር።

በሳምንቱ ዕድሩ ጠራን። ለሐዘን መስሎኝ ነበር። ለካ ልንከሰስ ነው። አንደኛው ጥፋታችን ያለ ፈቃድ መውሰዳችን ነው። ሁለተኛው፣ ቃሬዛው የወሊድ ደም ነክቶት ረክሷልና ጠበል ሊረጭ ይገባል ተባለ። በዚያ ቃሬዛ በጥይት የቆሰለ፣ በገጀራ የተመታ ወንድ ደሙ እየፈሰሰ ሲወጣ አይቻለሁ። ያኔ ጠበል ያነሣ ሰው አልነበረም። ይህንኑ ተናገርኩ። "እሱ ሌላ ነው" አሉኝ። እንዴት ሌላ እንደሆነ እስከ ዛሬ ያስረዳኝ የለም። ተቀጣን። ትርንጎን ባሏ የቀረውን ክረምት ሙሉ አላናገሯትም።

እኛም ከቆላ ቀርከሃና ከሰሊጥ ጆንያ የራሳችንን ቃሬዛ ሠራን። ማኅበሩንም ለዘነቡ፣ ለሐዋ፣ ለካምፕ አብሳዮችና ለቡና ቤት ሴቶች ከፈትን። በዚህ ተቆጥተው የወጡ የቀድሞ አባላት ነበሩ። አልለመንናቸውም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሸሕዲ ላይ የሴቶች ቀን ሲከበር ተጠርቼ ሄድኩ። ከመድረኩ ላይ "በምጥ የተያዘች እናትን በቃሬዛ አውጥቶ ሕይወቷን ለታደገው ዕድር" ተብሎ አቶ ደረሰ ተጠሩና ጋቢ ተሸለሙ። አዳራሹ አጨበጨበ። እሳቸውም እጅ ነሥተው ተቀበሉ። እኔ ሰው ፊት መናገር አልወድም፤ ግን ተነሣሁና "የሞተችውን ልጅስ ማን ያነሣታል?" አልኩ። ከዚያ ዝግጅቱን የሚመራው ወጣት ሙዚቃ እንዲከፈት በእጁ ምልክት ሰጠ።

አሁን አርጅቻለሁ። ነገሩ በተነሣ ቁጥር "ይቅር በይ እንጂ፣ ያለፈ ነው" የሚሉኝ አሉ። ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም፤ መጠየቅ ያለባቸውም እኔን አይደለም። የኔዓለምን ነው። እሷ ከጤና ጣቢያው በወጣች ጊዜ አረሙ አልቆ ካምፑ ተበትኖ ነበር። ከእኛ ከተሸከምናት ሴቶች በቀር፣ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰች የጠየቀ አንድም ሰው አላጋጠመኝም።