ኮረብታ በሳፋ ውስጥ

ባለፈው ክረምት አውቶቡሱ ባደግኩባት ሲሬ ላይ ሲቆም፣ ዝናብ የጠገበ የቀይ አፈር ሽታ በመስኮት ገባ። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ትዝ አለችኝ። አስተማሪዎችን ማወደስ አልወድም፤ ከእኛዎቹ አብዛኞቹ የተዉልኝ የአለንጋ ትዝታ ነው። እሷን ግን እንደ አገሩ ወግ አዴ ጫልቱ እያልን፣ አክብረን እንጠራት ነበር።

የኮንቱር መስመርን ያስተማረችን በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው። ከጭቃ ኮረብታ ትሠራለች፤ ውሃ በጣሳ እየጨመረች፣ በደረሰበት ሁሉ ዙሪያውን በሚስማር ትጭራለች። ውሃውን ደፍታ ከላይ ታሳየናለች፤ መስመሮቹ የተቀራረቡበት ዳገት፣ የተራራቁበት ሜዳ። በአንዱ መስመር ላይ ያለ ሁሉ ከፍታው እኩል ነው።

በዚያው ዓመት አባቴ የቤት ቦታ መረጠ። በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥቶ የሰፈረ ሰው ነውና የሚመኘው ሜዳ ብቻ ነበር። ወንዙ ዳር ያለውን ለምለም መሬት ወደደ፤ የአገሩ ሰው ለምን ከብት ብቻ እንደሚያሰማራበት አልጠየቀም። ከእኔ የሰማችው አዴ ጫልቱ ካርታዋን ጠቅልላ መጣች።

«ኦቦ ይማም፣ አካም ጂርቱ? እዚያ ቦታ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል።»

«እታለም፣ እኔ ዳገት ሸሽቼ የመጣሁ ሰው ነኝ! ደግሞስ ወረቀት ታይቶ ቤት ይሠራል?»

ካርታውን አጠፈችና ሳፋ ጠየቀች። ከግቢያችን ጭቃ ኮረብታውንም ሜዳውንም ሠርታ፣ አባቴ በመረጠው ቦታ ላይ የራሱን ክብሪት አስቀመጠች። ውሃ ጨመረች። ክብሪቱ ተነስቶ ተንሳፈፈ።

«ቤትዎ ወዴት እየሄደ ነው፣ ኦቦ ይማም?»

አባቴ አልሳቀም። ደጃፉ ላይ የሚጫወቱትን ትንንሽ እህቶቼን አያቸው። በመጨረሻ እርጥቡን ክብሪት አንስቶ፣ «ክብሪቴንማ ጨረስሽው» አለ።

ቤቱን ዳገቱ ላይ ሠራ። ክረምት ሲገባ ወንዙ ሜዳውን ዋጠው። አባቴ ወርዶ ውሃው በቆመበት ጠርዝ ሁሉ ችካል ተከለ፤ ኋላም በየችካሉ ፋንታ የግራቪሊያ ችግኝ። አመስግኗት አያውቅም። እንዲያውም ዳገቱን በወጣ ቁጥር፣ ትንፋሽ እያጠረው፣ «ያቺ ሴትዮ!» ይል ነበር።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። አባቴ ካርታ ማንበብ ሳይማር ሞተ። ባለፈው ክረምት፣ ያን ዕለት ከአውቶቡሱ ወርጄ፣ እናቴ አሁንም ከምትኖርበት ቤት ደጅ ቆሜ ቁልቁል አየሁ። ዛፎቹ ኮረብታውን ታከው፣ አንዱ ከሌላው ከፍ ዝቅ ሳይል ይዞራሉ። ውሃው እግራቸው ሥር ደርሶ ቆሟል።