«የለም» ብዬ የጻፍኩት

የታሰርኩባት ክፍል ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ነው። ዘጠኝ ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። የላብና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ አፈነኝ። አንድ ሽማግሌ ሰብሰብ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ «ልጄ፣ ምን አድርገህ ነው?» አሉኝ።

ሥራዬ በአንድ የመንግሥት ቢሮ የጎረቤት አገርን ጦር የሬዲዮ መልእክት እየሰሙ መተርጎም ነበር። ድንበሩ ላይ የጦር ዝግጅት ምልክት የለም ብዬ ጽፌ አስረከብኩ። በሳምንቱ መሪያችን በቴሌቪዥን ቀርበው «ሊወጉን እንደሆነ ደርሰንበታል» አሉ፤ ጦርነት ታወጀ። እኔም ለአንድ ባልደረባዬ «የጻፍነውን ለውጠውታል» አልኩት። ከቢሮው በር ላይ ወሰዱኝ።

ሽማግሌው የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። የታሰሩት የልጄን አስከሬን ስጡኝ ብለው ቀበሌ ደጃፍ ስለተቀመጡ ነው። ልጃቸው ጦርነቱ በተጀመረ ሰሞን ወድቋል።

ነገሬን ሰምተው፣ «እንግዲያው ሊወጉን አልነበረም?» አሉ።

ስለ ልጃቸው «አገሩን ሲጠብቅ ነው የሞተው» እያሉ ሲጽናኑ ሰምቻቸው ነበር።

«ንገረኝ እንጂ!»

«አልነበረም፣ አባባ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እራት ሲመጣም አልተነሡም። በማግስቱ ጠዋት ለምርመራ ስጠራ ግን ብድግ ብለው የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከሉልኝ።

«የጠየቅኩህ እኔ ነኝ፤ አትጸጸት» አሉኝ።

መርማሪው ያቀረበልኝ የራሴኑ ሪፖርት ነው፤ «የለም» ያልኩት «አለ» ሆኗል።

«ፈርምና ቤትህ ግባ።»

ብዕሩን ተቀብዬ ከግርጌው «ይህ የእኔ ጽሑፍ አይደለም» ብዬ ጻፍኩና እሱ ላይ ፈረምኩ። በዚህ ምክንያት ሁለት ዓመት ታስሬ ቆየሁ። ያን ቀን ከምርመራ ስመለስ ሽማግሌው የሉም፤ ወደ ሌላ እስር ቤት ወስደዋቸዋል። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

አሁን በስደት ራይስዋይክ በምትባል የውጭ አገር ከተማ እኖራለሁ፤ ሮተርዳም ባለ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። ባለፈው እሑድ እዚህ የተወለደችው ልጄ ከምትኖርበት ከተማ ከዲመን ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ ትራም ላይ እንደተቀመጥን ይህን ነገርኳት።

«ፓፓ፣ ለምን ነገርከው? ለሱ ምን ቀረለት?» አለችኝ።

«እሳቸው በይ» ብዬ እንኳ አላረምኳትም።

እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን እውነቱን መስማት እፈልግ ነበር? እፈልግ ነበር አልኩ ለራሴ። ከዚያ አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጄን አየኋት፤ የሞተችው እሷ ብትሆንስ?