በአሸዋ ላይ የቆሙት ሽማግሌዎች

ሐምሌና ነሐሴ፣ እኛ ራያ ላይ ደመናውን ቀና ብለን እያየን ማሽላችንን ስንኮተኩት፣ ጣልያን አገር የፀሐይ ወቅት ነው። በትልልቁ ከተማ የሚኖረው ሰው ቤቱን ዘግቶ ባሕር ዳር ይወርድና ይተኛል። ልጄ የምትኖርባት ትንሽ ከተማ የተሠራችው ለዚሁ ለመተኛት ነው። ብርድ ሲመጣ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ከተማዋ ገበያ የተበተነበት ሜዳ ትመስላለች ይላሉ። እኔ ያየኋት ሞልታ ነው።

ልጄ እዚያ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። ከሄደች ወዲህ ወደ ቆቦ አልተመለሰችም። መጀመሪያ ወረቀቷ አላለቀም ነበር፣ ወረቀቷ ሲያልቅ ደግሞ የእኛ አገር መንገድ ተዘጋ። በመጨረሻ እሷ መምጣት ቢያቅታት እኔን አስመጣችኝ። እናቷ ጉልበቷ አልፈቀደላትምና ቀረች። ስሸኝ፣ አይተሃት ብቻ እንዳትመጣ፣ መቼ እንደምትመጣ ጠይቀህ ና ብላኛለች።

አየር ማረፊያ የተቀበለችኝ ከአንድ ፀጉሩ ሸሸት ካለ ሰው ጋር ነው። መኪናውን የሚነዳው እሱ ነው። ልጄ ከኋላ ከጎኔ ተቀምጣ፣ አባየ፣ ይሄ ሰው ሊያገባኝ ይፈልጋል፣ እኔም እፈልጋለሁ፣ አንተ ካልፈቀድክ ግን አይሆንም አለችኝ። ሰውየው አማርኛ አይሰማም። ስለ እሱ እየነገረችኝ እሱ በመስታወት እያየ ፈገግ ይልልኛል። እኔም መኪና ውስጥ ለተጠየቀ ነገር መልስ የለኝም፣ እንደ ወጉ ሽማግሌ ይላክ አልኩ። እነዚህ ሰዎች ሽማግሌ ከየት ያመጣሉ ብዬ ነው። ልቤ አልፈቀደም ነበር። እዚያ ካገባች እዚያው ቀረች ማለት ነው፤ ለእናቷ ምን ብዬ እነግራለሁ?

የሰውየው ቤተሰብ ሥራ ጃንጥላ ማከራየት ነው። ከባሕሩ ጫፍ ጀምረው ጃንጥላውን በረድፍ በረድፍ ይተክሉታል፣ በየሥሩ ሁለት ሁለት አልጋ ያስቀምጣሉ። የፊተኛው ረድፍ የትልልቅ ሰዎች ነው፤ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል እንጂ አዲስ ሰው አይገባበትም። እኛ ዘንድ ሰው ወንዝ ዳር ባለው መሬቱ እንደሚኮራ እነሱም በፊተኛው ረድፍ ይኮራሉ። ልዩነቱ እነሱ አያርሱትም፣ ይተኙበታል። ለእኔ የሰጡኝ የመጨረሻውን ረድፍ፣ አሸዋውን ከመንገዱ የሚለየው ግንብ ሥር ነው። እንግዳ ነኝና ቅር አላለኝም።

ጠዋት ጠዋት ኮቴን ለብሼ፣ ጫማዬን አስሬ፣ ከዘራዬን ይዤ እወርዳለሁ። በመጀመሪያው ቀን፣ ሰው እያለ ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር ሆነብኝና ከፊተኛው ረድፍ ጀምሬ በየጃንጥላው እጅ እየነሳሁ ሰላም አልኩ። የተኛውም ተነሣ፣ የሚያነበውም መጽሐፉን አጠፈ። የራሴ ረድፍ ላይ ስደርስ ምሳ ሰዓት ሆነ። ልጄ ሰምታ፣ ሁለተኛ እንዳታደርገው፣ ሰዎቹ እንቅልፍ ፍለጋ ነው ስንት አገር አቋርጠው የመጡት አለችኝ። ቋንቋቸውን ትንሽ አውቃለሁ ብዬም ነበር። ቆቦ መኪና መንገድ ዳር ያረጀ ሰው ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን ማለት አያቅተውም። ግን በነዚህ ቃላት የሰው ደኅንነት አይጠየቅም።

ከጎኔ ያለው ጃንጥላ የአንዲት አሮጊት ነበር። በዕድሜ ይበልጡኛል። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ቦታቸው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር አሉ፤ ሲሞቱባቸው ለአንድ ሰው ይበዛል ተብለው ወደ ኋላ ተወሰዱ። ቂማቸውን ግን ይዘው ነው የመጡት። ኮክ እየላጡ ይሰጡኛል፣ እበላለሁ። በቋንቋ ባንገናኝም ሁለታችንም ግንቡ ሥር ነን።

ሰውየውን በዓይኔ እከታተለው ነበር። ጎህ ሲቀድ አሸዋውን ያስተካክላል፣ ቀኑን ሙሉ ጃንጥላ ይከፍታል ይዘጋል። ባለፈ ባገደመ ቁጥር ውሃ ያመጣልኛል፤ ሳልጠማም ጠጣሁለት። መጥፎ ሰው ነው የምልበት ነገር ባገኝ ይቀለኝ ነበር።

ልጄ ለካ የእኔን ነገር ለቤተሰቡ ነግራ ኖሯል። ሽማግሌ የተከበረ ሰው ነው፣ ሦስት ሆኖ ይመጣል፣ ቆሞ ይለምናል፣ አባት ተቀመጡ ሳይል አይቀመጥም ብላ አስጠንታቸዋለች። እነሱም የተከበረ ሰው ሲባሉ የፊተኛውን ረድፍ አሰቡ።

አንድ ማክሰኞ ቀን፣ ልክ በቀትር፣ ሦስት ሽማግሌዎች ከባሕሩ ወጥተው በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። አንዱ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ፣ አንዱ ባለ መድኃኒት ቤት፣ አንዱ የሰውየው አጎት ናቸው። በአገሬ ሽማግሌ ጋቢውን ለብሶ ነው የሚመጣ። እነዚህ ሦስቱም በመዋኛ ቁምጣ ናቸው፤ ውሃው ከሆዳቸው ላይ ይንጠባጠባል። ሰውየው ራሱ ከኋላቸው ራቅ ብሎ በደንብ የተተከለውን ጃንጥላ ይነቅልና መልሶ ይተክላል።

አስተርጓሚዋ ልጄ ናት። በእኛ ወግ እንዲህ ባለ ሰዓት ልጅቱ ጓዳ ገብታ ጆሮዋን ታቆማለች እንጂ መሐል አትገባም። እዚያ ግን ሌላ አማርኛ የሚያውቅ የለም፤ ራሷን ራሷ ለመነችኝ። አጎትየው፣ ልጃችንን ልጅዎ ያድርጉልን፣ ታታሪ ነው፣ አይጠጣም አሉ። ልጄ ተርጉማ ስትጨርስ፣ ብዙ አይጠጣም ለማለት ነው ብላ አረመችላቸው።

ይሄን ጊዜ አሮጊቷ አልጋቸውን እየጎተቱ ተጠጉኝ። ይሄ ሰው ከጎኑ ዘመድ የለውም፣ እኔ እሆነዋለሁ አሉ። ከዚያ ምርመራውን ያዙት። የራሱ ቤት አለው ወይስ እናቱ ዘንድ ሊያስቀምጣት ነው? ባሏ ለሞተባት ሴት ቦታዋን ያልጠበቀ ቤት ለሙሽራ ምን ይጠብቃል? ባቡር ነጂው ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። ዘመዶቼን ሁሉ ከቆቦ ባመጣ እንዲህ አይሟገቱልኝም።

በዚህ መሐል ሽማግሌዎቹ እግራቸውን እያፈራረቁ ማንሣት ጀመሩ። አንዱ ሲያነሣ ሌላው ያስቀምጣል። እኔ የአገሩ የልመና ሥርዓት መስሎኝ በአክብሮት አየሁ። ኋላ ምን ሆነው ነው ብላት፣ ልጄ፣ አሸዋው እያቃጠላቸው ነው አለች። እኔ ጫማ አድርጌያለሁና አልታወቀኝም። ተቀመጡ ልል ከጀልኩ፤ ነገር ግን እንዲህ ባለ ጉዳይ ተቀመጡ ማለት ሰጠሁ ማለት ነው። ስለዚህ በእኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚባለውን አልኩ።

«መልካም ጉዳይ ነው። ከዘመድ ልምከርና የዛሬ ሳምንት ተመለሱ።»

ልጄ ወደ ሽማግሌዎቹ አልዞረችም።

«ንገሪያቸው እንጂ።»

«ይሄን አልተረጉምም አባየ።»

«ለምን?»

«እምቢ ያልክ ይመስላቸዋል። ደግሞ አንተ ሐሙስ ትሄዳለህ። የዛሬ ሳምንት የሚመለሱት ወደ ማን ነው?»

ዓይኗ ሞልቷል፣ ግን አልፈሰሰም። ሽማግሌዎቹ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያሉ። ልጁም ጃንጥላውን እንደያዘ ቀረ። ዘመድ ሳልጠይቅ ልጅ አልሰጥም፤ ዘመዴ ያለው ደግሞ ቆቦ ነው። በይ ስልክሽን አውጪና ለአያ ደውይልኝ አልኳት። አያ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው። ማሳ ላይ አገኘነው፤ ልጄ ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ አደረገችው።

«አያ፣ ሽማግሌ መጥቶብኛል።»

«የማን ልጅ ነው?»

«የጃንጥላ አከራይ።»

«እዚያም ዝናብ ይበዛል?»

«ለፀሐይ ነው።»

«ፀሐዩን ከፈሩት ለምን ይወጣሉ?»

ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት እንቁጠር ወይ አልኩት፤ በዕድሜዬ ከቆጠርኩት ሁሉ የሚቀለው ይሄ ነው አለ። ከዚያ ቀልዱን ተወ።

«ሽማግሌዎቹ ቆመዋል?»

«ቆመዋል። አሸዋው እግራቸውን እየፈጀው ነው።»

«የተቀመጠ የለም?»

«የለም።»

«እንግዲያማ ልጃችንን አክብረዋል። አንተ የምትፈራው እዚያው እንዳትቀር ነው። ሳታገባስ መጥታልሃለች?»

ልጄ ሰማች። ልተርጉም አላለችም፣ ማንም አልጠየቃትም።

«ተቀመጡ» አልኳቸው።

ይህቺን ቃል አስቀድማ አስተምራቸው ኖሯል። መቀመጥ አይባልም፣ ወደቁ እንጂ፤ ሁለቱ በእኔ አልጋ ላይ፣ ባለ መድኃኒት ቤቱ እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው በአሮጊቷ አልጋ ላይ። አሮጊቷ፣ እኔ ዘመድ ሆኜ ሳልጠየቅ እንዴት ይሰጣል ብለው ተቆጡ። ልጁ ሮጦ መጥቶ፣ ከነገ ጀምሮ ሁለተኛው ረድፍ የእርስዎ ነው ሲላቸው ፈቀዱ።

እኔም ጥሎሽ አልፈልግም አልኩ። ሰርጉን እንደ ወጋችሁ እዚህ ደግሱ፣ ከዚያ ግን ይዛችኋት ቆቦ ኑ፣ በደጄም ቁሙ፣ እናቷ በዓይኗ ትያት። ልጄ ስትተረጉመው እናቷ የሚለው ቃል ላይ ቆመች፣ ቆይታ ጨረሰችው።

ሦስቱ ተያዩ። ባቡር ነጂው አንድ ነገር ጠየቋት።

«ቆቦ ባሕር አለ ወይ ነው የሚሉት።»

«ፀሐዩ አለ፣ አሸዋውም በየወንዙ ሞልቷል፣ የጎደለው ባሕሩ ብቻ ነው በያቸው» አልኩ።

አንገት ለአንገት ገጥመው ተማከሩ። ብዙ ቀን ካልሆነ ይቻላል አሉ።