ፓስፖርት የማያስፈልገው ጎሽ

ፎቶ አንሺው ሁልጊዜ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያደርገው ግድግዳው ላይ የተዘረጋውን ነጭ ጨርቅ ጎተት ጎተት አድርጎ ማስተካከል ነው። ጨርቁ ከተጨማደደ ጥላ ይይዛል፤ ጥላ ያለበትን የፓስፖርት ፎቶ ደግሞ የትኛውም መሥሪያ ቤት አይቀበልም። የመጣው ሕፃንም ይሁን ዳኛ «ቀና በል» ስለሚለው፣ ሰፈሩ ስሙን ትቶ ቀና በል ብሎ ይጠራዋል።

በሠላሳ አንድ ዓመት ያነሣው ፊት ሁሉ በየሰው ኪስና መሳቢያ ውስጥ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ከሥሩ ስሙ የተጻፈበት ፎቶ ግን አንድም የለውም። ስለዚህ የከተማው ቤተ መጻሕፍት የዱር እንስሳት የፎቶ ዐውደ ርእይ እንደሚያዘጋጅ፣ የሚቀበለውም ጥቁርና ነጭ ብቻ እንደሆነ ሲሰማ፣ አምና ከሚስቱ ጋር ፓርክ ሄዶ ያነሣውን ሽማግሌ ጎሽ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ፈልጎ አወጣ። ማስረከቢያው ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ሴት ልጁ ልታግዘው ወደ ሱቁ መጣች። የመጽሔት ገጽ አቀናባሪ ናት። ፎቶውን ስታይ ሣቋ አመለጣት።

«አባዬ፣ ይሄ ጎሽ ቪዛ ሊጠይቅ ነው እንዴ?»

እጁ በለመደው ሄዶ ነበር። ፎቶውን ጥቁርና ነጭ ካደረገ በኋላ ከጎሹ ጀርባ ያለውን ቁጥቋጦ እንደ ፓስፖርት ፎቶ ነጭ አድርጎታል፤ የዓይኑን ሥር እጥፋት አለስልሶ፣ የግንባሩን ጠባሳ አጥፍቶ፣ የተቀደደ ጆሮውን ሳይቀር ጠግኖለታል።

«ምን አጠፋሁ? አሳመርኩት እንጂ!»

«ሙሽራ አደረግኸዋ! አሁን ይሄን ማን ይፈራዋል?»

ሻይ ይዛ የገባችው ሚስቱ በትከሻቸው በኩል አየችው። «እኔንስ ለሠርጋችን እንዲህ አልደከምክልኝም» አለች።

ከዋናው ፎቶ እንደገና ጀመሩ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ሲሆን ቀለሙ ከዓይን ቢሰወርም ኮምፒውተሩ ያውቀዋል፤ እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው ማጥቆርና ማፍካት ይቻላል። ልጅቱ «የአረንጓዴውን መቆጣጠሪያ ወደ ግራ ሳበው» አለችው። ሳበው። ሣሩና ቁጥቋጦው ዝናብ እንዳረገዘ ሰማይ ከበዱ።

«ኧረ ጨለመ! ይሄ ደንበኛ ያባርራል።»

«ይጨልም አባዬ፤ ጎሹ ደንበኛህ አይደለም።»

ጠርዞቹን አጠቆሩ። ቀንዱ ላይ ያረፈውን የጠዋት ብርሃን ብቻ ትንሽ ከፍ አደረጉለት። መሐል ላይ የቀና በል እጅ ወደ ጠባሳው ሲንሸራተት ልጁ ጣቱን መታ አደረገችው።

«እጅህን ሰብስብ!»

ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ልትልከው ተነሣች። እሱ ግን ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጦ ፎቶውን አየ።

«ቆይ። ዓይኑ የት ገባ?»

የጎሹ ዓይን ከጨለማው ጋር አብሮ ጠፍቶ ነበር። ማውሱን ከልጁ ተቀበለና ብሌኑ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ብርሃን ነካ አደረገ። ጎሹ ወዲያው ከጨለማው ውስጥ ቀጥ ብሎ አያቸው።

«ይሄን እኔ አላየሁትም ነበር» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ።

አምስት ደቂቃ ሲቀረው ላኩት። በማግስቱ ጠዋት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደውላ ፎቶው እንደተመረጠ ነገረችው፤ ከሥሩ የሚጻፈውን ስም ከነአባቱ ፊደል በፊደል አስቆጥራ መዘገበች።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ይሰቀላል። ያን ዕለት ሱቁ እስከ ስድስት ሰዓት ዝግ ነው።