ከኦሮራ እስከ ሊትልተን፦ ያልሞቱትን ሽማግሌ ይቅርታ ለመጠየቅ

ባለፈው ቅዳሜ፣ በአበሻ ሰዓት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አንድ ካርቶን የበሰለ ኮክ ታቅፌ ከኦሮራ ተነሣሁ። መድረሻዬ ሊትልተን ነው፤ ሁለቱም የዴንቨር ዳርቻ ከተሞች ናቸው። በመኪና ቢሆን ግማሽ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። እኔ ግን በአውቶብስና በባቡር ለመሄድ ወስኛለሁ። መኪናዬን ሳስነሳ ስልኬ በራሱ ጊዜ ከመኪናው ጋር ይገናኝና ካቆምኩበት የፖለቲካ ፕሮግራም ይቀጥላል። በንዴት ጦፌ ደርሼ ደግሞ ይቅርታ መጠየቅ አልችልም።

ጥፋቴን አስቀድሜ ልናገር፤ አንባቢ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከእኔ ቢሰማው ይሻላል። የምሠራው ዳውንታውን ዴንቨር፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ነው። ፈረቃዬን ሙሉ ጆሮዬ ላይ የሚወራው የአገር ቤት ፖለቲካ ነው። ከወር በፊት አንድ አዘውትሬ የምሰማው የዩቲዩብ አቅራቢ፣ ደሴ የሚኖሩ አቶ ተሰማ የሚባሉ የታወቁ የአገር ሽማግሌ «በደረሰባቸው እንግልት አረፉ» አለ። አቶ ተሰማ የልብ ጓደኛዬ የይርጋ አጎት ናቸው፤ ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። ሊጠይቁት ሊመጡ ቪዛቸው ተመትቶ፣ ቲኬታቸው ተቆርጦ ነበር። አቅራቢው ሞታቸውን ሲናገር ጥፋተኛውንም አብሮ ጠራ፤ ጥፋተኛው ደግሞ እኔ ሁልጊዜ የምጠረጥረው ወገን ሆኖ ተገኘ። ለማመን ሌላ ምን ያስፈልገኛል?

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ብቻውን ሆኖም አይሰማውም። ስለዚህ እሑድ ሊነጋጋ ሲል አራት መኪና ሙሉ ሰው አስተባብሬ የይርጋን በር አንኳኳን፤ ትልልቆቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ። ይርጋ ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ሳይነገረው ገባውና እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። እስከ ረፋዱ ተለቀሰ። አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ደዋዩ አቶ ተሰማ ናቸው፤ ለጉዞው ካፖርት ይያዙ እንደሆነ ሊጠይቁ ነው።

በዚህ ቢያበቃ ይርጋ ይቅር ይለኝ ነበር። እኔ ግን ሰውዬው እያወሩ፣ ድምፃቸው ለሳሎኑ ሁሉ እየተሰማ፣ «ቆይ እስኪ ላጣራ፤ አስገድደው እያናገሯቸው ሊሆን ይችላል» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ብያለሁ። ይርጋ ጫማዬን አንሥቶ ከበሩ ውጭ አስቀመጠልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬን አያነሣም። አቶ ተሰማ በጤና ከገቡ ዛሬ ሳምንታቸው ነው፤ ከተማው ሁሉ ሄዶ እንኳን ደህና መጡ ብሏቸዋል። እኔ ዛሬም ከቀረሁ የሃያ አራት ዓመት ጓደኛዬን አጣሁት ማለት ነው።

ልነሣ ስል ልጄ ሊያ በረንዳው ላይ ቆማ ካርቶኑን አየችው። «ዳድ፣ ሲሪየስሊ? በባስ? ኢን ዚስ ሂት?»

«በባስ።»

«ኦኬ፣ ግን ኢርፎንህን ስጠኝ።»

ሰጠኋት። እዚያው ጆሮዋ ላይ ሰካችው።

ኮልፋክስ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

ቲኬቱ ሁለት ዶላር ከሰባ አምስት ነው፤ ለሦስት ሰዓት ስለሚያገለግል ባቡሩንም ይጨምራል። የኮልፋክስ ጎዳና በዚህ በጋ ግማሹ ተቆፍሯል፤ ብርቱካንማ የመንገድ ምልክት ከሰው ይበዛል። አውቶብሱ እየተንፏቀቀ ይሄዳል፤ ቸኩያለሁ የሚል የለም። ኮኩ ሸተተ መሰለኝ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሁሉ አንድ በአንድ እየዞሩ ካርቶኑን ያያሉ።

ሁለት ፌርማታ እንደሄድን አንዲት አበሻ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። በእኔ ዕድሜ ትሆናለች፣ የሆቴል ጽዳት ዩኒፎርም ለብሳለች። ስልኳን አወጣችና ድምፁን ለቀቀችው። የማልሰማው አቅራቢ ነው፣ የዚያኛው ወገን። ስለኛ ወገን የሚለውን እየሰማሁ ጥርሴን ነክሼ ሕንፃ መቁጠር ጀመርኩ። አምስተኛው ሕንፃ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ።

«እህቴ፣ ይሄን ሰውዬ ታምኚዋለሽ?»

«ኧረ እኔ ምን እንደሚልም አላውቅ» አለች። «ድምፁ ያረጋጋኛል። ሥራ እስክገባ ያሸልበኛል።»

ስሟ እመቤት እንደሆነ ነገረችኝ፣ ወዴት እንደምሄድም ጠየቀችኝ። ሊትልተን፣ ሞቱ ብዬ ሰው ያስለቀስኩባቸውን ሽማግሌ ይቅርታ ልጠይቅ አልኳት። ስልኳን አጠፋችው።

«አንተ ነህ እንዴ? እኛ ቸርች እኮ ተወርቷል። ስድስት መኪና ሰው ይዘህ ሄድክ አሉ።»

«አራት ነው።»

«ፍራሽ አንጥፈህ፣ ድንኳንም ተክለህ ነበር አሉ።»

«ድንኳን የሚባል ነገር አልነበረም።»

«እሺ፣ ራስህን ስተህ አምቡላንስስ አልተጠራም?»

ተናደድኩ። ማን ነው ሳያጣራ የሚያወራው ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ገጠምኩት። ከዚያ ሳቄ መጣ፤ እሷም ሳቀች። ስትወርድ ሁለት ኮክ ሰጠኋት። «አምቡላንሱን እኔ አስተባብልልሃለሁ» አለችኝ።

ካፒቶል ሂል

ካፒቶል ሂል ስንደርስ በመስኮቱ በኩል ያ ባለ ቀይ ጡብ ሕንፃ ታየኝ። ይርጋና እኔ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይተን ሁለት ዓመት ኖረናል። በሩ አሁን ቀለም ተቀብቷል፣ መስኮቶቹም ተቀይረዋል። እዚያ ክፍል ውስጥ ነው አባቴ መሞቱን የሰማሁት።

ስልኩን የተቀበለው ይርጋ ነበር። ሁለት ቀን ደበቀኝ። የሥራ ፈረቃዬን ራሱ ገብቶ ሠራልኝ፣ ምክንያቱን ስጠይቀው ቀልዶ አለፈኝ። በእነዚያ ሁለት ቀናት የስልክ ካርድ እየገዛ ሦስት የተለያዩ ዘመዶቼ ጋ ደውሎ አጣርቷል። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ፣ ከጎኔ ተቀመጠና እጄን ያዘ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያሳየኝ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ብድሩን በዩቲዩብ መለስኩለት። አፍሬ ዓይኔን ከሕንፃው አነሣሁ።

ዳውንታውን፣ አምስት ሰዓት

ወደ ባቡሩ ስሄድ አንዲት ወጣት ፈረንጅ ወረቀት የታሰረበት ክሊፕቦርድ ይዛ መንገዴን ዘጋች። በኅዳር ምርጫ ለሕዝብ ድምፅ እንዲቀርብ ፊርማ የምንሰበስብለት ሐሳብ አለ፣ ፈርምልኝ አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ፈገግ ብዬ እፈርምና እሄድ ነበር። «መጀመሪያ ላንብበው» አልኳት።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ፊደሉ የጉንዳን ያህል ነው። ፀሐይዋ አናቴን እየጠበሰችው፣ ካርቶኑን እግሬ ሥር አስቀምጬ፣ እያንዳንዱን መስመር አነበብኩ። በመሐል ባቡሬ መጥቶ ሄደ። ስጨርስ ግማሹ እንደሚስማማኝ፣ ግማሹ እንዳልገባኝ ነገርኳትና ሳልፈርም ቀረሁ። ልጅቷ አልተቀየመችም፤ ከጠዋት ጀምሮ ወረቀቱን ያነበበው የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ አለችኝ። ለእሷም አንድ ኮክ ሰጠኋት። ቀጣዩን ባቡር ስጠብቅ ከአንድ የምግብ መኪና ሎሚናት ገዛሁ፤ አብዛኛው በረዶ ነው።

ሊትልተን፣ ስድስት ሰዓት ተኩል

ባቡሩ ወደ ደቡብ ሲወርድ ተራሮቹ በቀኝ በኩል አብረውን ይሄዳሉ። ጫፋቸው ላይ የከሰዓቱ ደመና መሰብሰብ ጀምሯል። ፊት ለፊቴ ሁለት ልጆች የመዋኛ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ስለ አይስክሬም ይከራከራሉ። እኔ ግን የምናገረውን በልቤ እያጠናሁ ነበር። ከጣቢያው ወርጄ ሃያ ደቂቃ በእግሬ ሄድኩ። የይርጋ ቤት ጥግ ላይ ስደርስ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋ።

አቶ ተሰማ ጋራዡ ውስጥ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ የቤዝቦል ኮፍያ አድርገው ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ይርጋ ሣሩ መሐል ተንበርክኮ የተሰበረ የውሃ መርጫ ይጠግናል። ቀና ብሎ አየኝና ተመልሶ አቀረቀረ።

«ይርጋ፣ ሰው መጥቷል» አሉ ሽማግሌው።

«አይቻለሁ፣ አባባ።»

«ማን ነው?»

«የገደለዎት ሰውዬ ነው» አለ ይርጋ፣ ቀና ሳይል።

አቶ ተሰማ ኮፍያቸውን ከፍ አድርገው ከእግር እስከ ራሴ ተመለከቱኝ። «ና እስኪ፣ ቀረብ በል። ተቀመጥ።»

ካርቶኑን እግራቸው ሥር አስቀመጥኩ። «አባባ፣ እንኳን ደህና መጡ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ሳላጣራ ሰው አስለቅሻለሁ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ እርስዎ በስልክ እያወሩ አላመንኩም።»

«ሰምቼሃለሁ» አሉ። «ላጣራ ስትል ስልኩ ላይ ነበርኩ። ስዘጋው መኖሬን እኔም ትንሽ ተጠራጠርኩ።» አንድ ኮክ አንሥተው በእጃቸው ጠረጉት። «በል አሁን ንገረኝ። ማን ማን መጣ?»

የመጡትን ሁሉ ቆጠርኩላቸው። እያንዳንዱን ስም ራሳቸውን እየነቀነቁ ተቀበሉ።

«ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው ማን ነው?»

«ወይዘሮ ጥሩነሽ።»

«አላውቃትም።»

«እሷም አታውቅዎትም።»

የይርጋ ትከሻ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ፊቱን ግን አላዞረም።

«ምን ተባለልኝ?»

«ደግ ነበሩ ተባለ። ሃያ ደም የተቃባ ቤተሰብ አስታርቀዋል ተባለ።»

«ሃያ አይሞላም» አሉ። «ቢሆንም ደስ ይላል። አንተስ አለቀስክልኝ?»

አዎ ብዬ ማለፍ እችል ነበር። «አላለቀስኩም፣ አባባ» አልኩ። «ጥግ ይዤ፣ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ የሚያረጋግጥ ሌላ ቪዲዮ እፈልግ ነበር።» ይህን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም።

ይርጋ መፍቻውን ሣሩ ላይ አስቀምጦ ተነሣ። «አባትህ ሲሞት ሦስት ጊዜ ነው የደወልኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ሦስቱንም ጊዜ ውሸት ነው እንዲሉኝ እየለመንኩ ነበር። አንተ ግን እውነት እንዲሆን ፈለግክ።»

«ልክ ነህ» አልኩት።

አቶ ተሰማ የኮኩን ፍሬ መዳፋቸው ላይ ተፉና «ስልክህን አውጣና ቁጥሬን ጻፍ» አሉኝ። «ዕድሜዬ ሰማንያ አራት ነው፤ ሞተ መባሌ አይቀርም። ሲባል ስትሰማ መጀመሪያ ለእኔ ደውል። ካነሣሁ አለሁ። ካላነሣሁ ያን ጊዜ ስልክህን አስቀምጥና አልቅስ።»

ጻፍኩ። ይርጋ እያየኝ ነበር። «ስትጨርስ ና ይሄን ቧንቧ ያዝልኝ» አለ። ያዝኩለት። ሊያጠብቀው ሲል ውሃው ፈነዳና ሁለታችንንም ከአናት እስከ እግር አጠበን። ሽማግሌው ሳቃቸውን ለቀቁት፣ የይርጋ ባለቤት ሰብለም ምን ሆናችሁ ብላ ወጣች። ምሳ በእርጥብ ሸሚዝ በላን።

መልስ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት

ሲመሽ ይርጋ በመኪናው ሊያደርሰኝ ተነሣ። ሞተሩን ሲያስነሳ ስልኩ ከመኪናው ጋር ተገናኘና የዚያው የእኔው አቅራቢ ድምፅ መኪናውን ሞላው፤ «ውድ ተመልካቾቻችን» እያለ። ይርጋ በጥድፊያ አጠፋው።

«ስለ አየር ሁኔታው ላዳምጥ ብዬ ነው» አለ።

እስከ ኦሮራ ድረስ ስለ ሣርና ስለ ውሃ ዋጋ ተጫወትን፤ እንደዚያ ጥሩ ጨዋታ ካደረግን ቆይተናል።

ቤት ገብቼ ጫማዬን እያወለቅሁ ሳለ ሊያ ኢርፎኔንና ስልኳን ይዛ መጣች። «ዳድ፣ ይሄ ያንተ ጋይ ነው ራይት? ስለ እሳቸው እያወራ ነው።» አቅራቢው የሞታቸውን ዜና አንድም ቀን አላስተባበለም። አሁን ግን ያው ሽማግሌ «በድንገት በጠና ታመው ሆስፒታል ገቡ» እያለ ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት አብሬያቸው እንደነበርኩ አውቃለሁ። ውሸት መሆኑንም አውቃለሁ። ግን ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ ቀኑም ሞቃት ነበር።

ጉዞው ያስተማረኝን በአንድ አረፍተ ነገር ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ይርጋ ግን ጋራዡ ደጃፍ ላይ ቀድሞኝ ተናግሮታል። ዜና ስሰማ እውነት መሆኑን ከመጠየቄ በፊት እውነት እንዲሆን እፈልግ እንደሆነ ራሴን መጠየቅ አለብኝ። ይህን እያሰብኩ ነው ቁጥሩን የነካሁት።

ጠራ። አራት ጊዜ ጠራ። ስድስተኛው ላይ ውሸት በሆነ፣ ውሸት በሆነ እያልኩ እንደምለምን ታወቀኝ። ሊያ ኢርፎኑን ከጆሮዋ አውጥታ ታየኛለች።

«አለሁ፣ አለሁ» አሉ አቶ ተሰማ። «ኮክህን ስበላ እጄ ተጨማልቆ ነው ያዘገየሁህ። ምን ሆነህ ነው፣ ታለቅሳለህ እንዴ?»

«አዎ፣ አባባ» አልኳቸው።