የይርጋ ቡድንና የጌም ትርፍራፊ

ሸሕዲ መናኸሪያ አጠገብ ባለ ጌም ቤት ሥራ የጀመርሁ ዕለት የታዘዝሁት አዲስ ጌም እንድጭን ነበር። ኮምፒውተሩ ቦታ የለኝም አለ። የቤቱ ባለቤት ጋሼ ታደለ አላመኑትም። ጌም ቤቱን ከመክፈታቸው በፊት የትራክተር መካኒክ ነበሩ።

«አሮጌዎቹን ሁሉ በእጄ አራግፌያቸዋለሁ» አሉኝ።

ያጠፉት ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ምልክት ብቻ ነበር። ጌሞቹ ዲስኩ ውስጥ እንደ ተቀመጡ ናቸው።

«ጋሼ፣ ይህ የትራክተር ቁልፍ ጥሎ ትራክተሩን ሸጥሁ እንደ ማለት ነው።»

«ዝምተኛ ልጅ ነው ብለውኝ ነበር» አሉና ወንበሩን ለቀቁልኝ።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬ አንድ ነው። ጌሙን አብሮት በሚመጣው የማራገፊያ ፕሮግራም አራግፋለሁ። ማራገፊያው ብዙ ጊዜ ፎልደሩን ትቶ ይሄዳል፤ እሱን አጠፋለሁ። የተደበቁ ፎልደሮች እንዲታዩ አድርጌ ሌላ ቦታ የተረፈውን እለቅማለሁ። ቆሻሻ መጣያውን ባዶ አድርጌ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳለሁ። ጋሼ ታደለ ሞተር ገጥመው አንድ ብሎን ከተረፋቸው እንደገና የሚፈቱ ሰው ስለነበሩ አሠራሬን ወደዱት።

ችግሩ በይርጋ መጣ። ይርጋ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ከሚወርዱት፣ ሳሉግ ከምንላቸው የጉልበት ሠራተኞች አንዱ ነው፤ ከጎጃም ከአማቹ ጋር መጥቶ ነበር። ቀጣሪ እስኪያገኙ ድረስ እኛ ዘንድ የኳስ ጌም ይጫወታል። የራሱን ቡድን አቋቁሞ ተጫዋቾቹን በመንደሩ ሰዎች ስም ሰይሟቸዋል። አጥቂው አማቹ ነው። በረኛው የደብራቸው ቄስ ናቸው።

«ቄሱን ምነው በረኛ አደረግሃቸው?» አልሁት።

«ለቅዳሴ ያረፈደ ሰው አልፏቸው አያውቅም።»

ቡድኑ ለዋንጫ ፍጻሜ በደረሰ ማግስት ቀጣሪ መጥቶ ሁለቱንም ሽንፋ ወዳለው እርሻው ወሰዳቸው።

«ወንድሜ፣ ቡድኔን አደራ» ብሎኝ ሄደ።

እሱ አጨዳ ላይ ሳለ የከተማው ልጆች አዲሱን የኳስ ጌም ጠየቁ። ዲስኩ ሁለቱን አይችልም። ጋሼ ታደለ አሮጌው ይነሳ አሉ። ማራገፍ ስጀምር ጌሙ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ የተቀመጡ ጨዋታዎችም ይጥፉ ወይ?

«ምን ያስቆምሃል? ትርፍራፊ አይቅር የምትል አንተ አይደለህ?»

«ይህ ትርፍራፊ አይደለም ጋሼ። ቄሱ እዚህ ውስጥ ናቸው።»

«ቄስማ በእኔ ቤት አይሰረዝም» አሉ።

የይርጋ ቡድን የተቀመጠበትን ፎልደር ፍላሽ ላይ ገለበጥሁና የቀረውን ሁሉ አጠፋሁ።

ይርጋ ፀሐይ አክስሎት ተመለሰ። አዲሱን ጌም ሲያይ ፊቱ ጨለመ። አዲሱ ጌም የአሮጌውን ቡድን አይከፍትም። ስለዚህ አሮጌውን በጋሼ ታደለ ላፕቶፕ ላይ ጫንሁና ፎልደሩን ከፍላሹ አውጥቼ በቦታው አስገባሁት። ተከፈተ። ቄሱ በሩ ላይ ቆመዋል።

ይርጋ ፍጻሜውን ከመጀመሩ በፊት አማቹን ከሜዳ አስወጣው።

«ምን አደረገህ?» አሉት ጋሼ ታደለ።

«ማጭዴን ይዞብኝ ሌላ እርሻ ገባ።»

ያለ አጥቂው ተሸነፈ። ጋሼ ታደለ ለሚቀጥለው ውድድር እንዲመልሰው መከሩት።

«ማጭዱን ይዞ ይምጣና እናያለን» አለ።

ጌም ስታራግፉ ጌሙ ያመጣውንና ሰው የሠራውን ለዩ። ጌሙ ያመጣው አንድም ሳይቀር ይጥፋ። ሰው የሠራውን ግን ባለቤቱን ጠይቁ፤ ባለቤቱ ከሌለ አስቀምጡለት።