አረንጓዴዋ ዲስክ የወደቀችበት ወገን

እትዬ ብዙነሽ ዲስክ መወርወር የጀመሩት በሃምሳ አራት ዓመታቸው ነው። ከዚያ በፊት በሕይወታቸው የሮጡት ማታቱ የሚባለው ሚኒባስ ታክሲ እንዳያመልጣቸው ብቻ ነበር። ናይሮቢ የገቡት በሞያሌ በኩል፣ በጭነት መኪና፣ ኪሩቤልን በሆዳቸው ይዘው ነው። ቀድሞ ሄዶ እጠብቅሻለሁ ያላቸው ባል አልጠበቃቸውም፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። የሰው ልብስ አጠቡ፣ ኢስሊ ላይ በርበሬና ሽሮ ቸረቸሩ፣ በመጨረሻ ኪሊማኒ ውስጥ ስምንት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ከፈቱ። እጃቸው ጣፋጭ ነው፤ አፋቸው ግን ሁልጊዜ አይደለም።

እኔ ኸባብ እባላለሁ። የሳውዝ ሲ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ ኢምባካሲ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካለ የካርጎ መጋዘን እሠራለሁ። ኪሩቤል ጓደኛዬ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ እናቱ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው አንዲት አረንጓዴ ዲስክ ሲፈልጉ አብሬያቸው ነበርኩ። የት እንደወደቀች አውቅ ነበር። አልነገርኳቸውም። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ከአሁኑ እንድትታዘቡኝ ብዬ ነው።

ጨዋታው ዲስክ ጎልፍ ይባላል፤ ኳስም ዱላም የለውም። ከሞምባሳ መንገድ ማዶ ባለ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ጁዋ ካሊ የሚባሉት የመንገድ ዳር በያጆች ከብረትና ከሰንሰለት የሠሯቸው ዘጠኝ ቅርጫቶች ቆመዋል። ዲስክህን ትወረውራለህ፣ ከወደቀችበት ሄደህ ደግመህ ትወረውራለህ፣ በትንሽ ውርወራ ቅርጫቱ ውስጥ የከተተ ያሸንፋል። ሣሩ ረጅም ስለሆነ ዲስክ ይጠፋል። ስለዚህ ሁሉም ሰው በዲስኩ ጀርባ ላይ ስሙንና ስልክ ቁጥሩን ይጽፋል፤ ያገኘ ሰው ይደውላል። ዳኛ የሌለው ጨዋታ ነው፣ ይህችን ሕግ ግን የሚጥስ የለም።

ኪሩቤል እዚሁ ተወልዶ የተማረው በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው። እናቱ ፊደል ያስቆጠሩት በምግብ ዝርዝር ጀርባ ላይ ነበር። ማንበብ ያነባል፤ መጻፍ ግን በእንግሊዝኛ ይቀለዋል። በዚያች አረንጓዴ ዲስክ ላይ ብቻ፣ ምን እንደታየው እንጃ፣ ስሙን በአማርኛ ጻፈ። ፊደሎቹ ተንጋደው ቆመዋል። ለእናቱ ወስዶ አሳያቸው፤ ሥራ አስፈታኸኝ ብለው ተቆጡና ወጥ ቤት ገብተው አለቀሱ። ከልጃቸው እጅ የወጣ አማርኛ ያ ብቻ ነው።

ዲስኳ ደግሞ የምትገርም ናት። ለነፋስ የማትበገር፣ ፈርጠም ያለች ዓይነት። ሌሎቹ ነፋስ ከፊት ሲመታቸው ይገለበጣሉ፤ እሷ ቀጥ ብላ ትሰነጥቀውና ጉልበቷ ሲያልቅ በኃይል ወደ አንድ ወገን ትታጠፋለች። እንደ ኪሩቤል በቀኝ እጁ ለሚወረውር ሰው የምትታጠፈው ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው። የት እንደምትታጠፍ ስለሚታወቅ ነው ሰው የሚተማመንባት።

እኔ ግን ግራኝ ነኝ። በግራ ለሚወረውር ያቺው ዲስክ ወደ ቀኝ ነው የምትታጠፈው።

ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። እናቴ መስቱራ በልጅነቴ ግራ እጄን በሻሿ ጫፍ ከወገቤ ጋር እያሰረች ነው መብላት ያስተማረችኝ። የምበላው፣ የምጽፈው፣ ሰላም የምለው በቀኜ ነው። እትዬ ብዙነሽ ለቤተኛ ሰው ራሳቸው ማስታጠቢያ ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ ቀኝ እጄን ብቻ እዘረጋለሁ፣ ግራዬ ጉልበቴ ላይ ትቀመጣለች። ከአሥር ዓመት በላይ ሲያበሉኝ ግራኝ መሆኔን አላወቁም። ግራዬ ነፃ የምትወጣው እዚያ ሜዳ ላይ፣ ከኪሩቤል ጋር ስሆን ብቻ ነበር።

ያን ቅዳሜ ነፋሱ ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ፊት ለፊት ይነፍስ ነበር። ስድስተኛው ቅርጫት ጋ ስንደርስ ኪሩቤል ቦርሳዬን አየና ሳቀ።

"ብሮ፣ ይሄ ዊንድ ያንተን ይገለብጣታል። የእኔን ውሰድ፣ ሳዋ?" አለኝ።

አረንጓዴዋን ሰጠኝ። በግራዬ ወረወርኳት። ነፋሱን ሰንጥቃ ሄደች፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ታጠፈች፣ የእሾህ አጥሩን አልፋ ቦዩ ውስጥ ካለው ጥሻ ገባች። ጥቂት ፈለግን። እኔ የማታ ፈረቃ ነበረኝ፤ እሱ ደግሞ ሳላገኛት አልሄድም አለ። "ፕላስቲክ ናት እኮ! ነገ ፈልጋት!" ብዬ ጮህኩበትና ጥዬው ሄድኩ። በማግስቱ ከቤተክርስቲያን ሲወጣ ሊፈልጋት ብቻውን መጣ። የሞምባሳን መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው። ሜዳው ጋ አልደረሰም።

ልቅሶ ቤት እትዬ ብዙነሽ እጄን ይዘው፣ "ምን ፍለጋ ነው የሄደው?" አሉኝ። "ቅዳሜ የወረወራት ዲስክ ጠፍታ ነው" አልኳቸው። የወረወራት እሱ ነው አልኩ። አፌ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ፤ እኔም ተከትዬው ዝም አልኩ።

የልጁ ስልክ መስታወቱ ተሰንጥቆ ተመለሰላቸው። አሠሩት። ቁጥሩ ካልተሠራበት ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ሲሰሙ በየወሩ ካርድ ይሞሉለት፣ ከራሳቸው ስልክ ይደውሉለት ጀመር። ሌሊት ቻርጅ ሲደረግ ያድራል፣ ቀን በሽርጣቸው ኪስ ይውላል። "ቁጥሩ ዲስኳ ላይ አለ። ያገኘ ሰው ይደውላል" ይላሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ያ ስልክ ሲጮህ ማማሰያው ድስቱ ውስጥ ይቆማል፣ አስተናጋጇ ሮሃ ሳህን እንደያዘች ትደርቃለች። ሁልጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ነው፤ አለዚያም ሎተሪ ደረሰህ የሚል አጭበርባሪ። እኔ ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ጉርሻዬን መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀምጥ ነበር።

ከተዝካሩ በኋላ፣ "እንደ እሷ ያለች ዲስክ ግዛኝ" አሉኝ። ያገለገለ ዲስክ ከመኪናው ኋላ ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው ጋ ወሰድኳቸው። የምግብ ቤቱን ሚዛን በፌስታል ይዘው ነው የመጡት። እያንዳንዷን እንደ ድስት ክዳን ገልብጠው አዩ፣ ጀርባዋን በአውራ ጣት ተጫኑ፣ ጠርዟን ዳበሱ፣ መዘኑ። ሰውየው ፊቷ ላይ ካሉት አራት ቁጥሮች የመጨረሻው ትልቅ ከሆነ በኃይል ትታጠፋለች ማለት ነው ሲላቸው፣ ትልቁን መረጡ።

"እትዬ፣ ይቺ ለእርስዎ አትሆንም" አልኳቸው። "ጉልበት ትፈልጋለች። ለጀማሪ ቀለል ያለች፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ ይሻላል።"

"እኔ ልጫወት መሰለህ?" አሉ። "የእሱ የት እንደምትሄድ ላውቅ ነው።"

እኔው አስተማርኳቸው፤ በቀኝ እጄ፣ ዶሮ እንደሚያባርር ሰው እየተወላገድኩ። የመጀመሪያዋ ሠላሳ እርምጃ ሄዳ ግራ ላይ ተደፋች። ጉልበቱ ከክንድ ሳይሆን ከወገብ እንደሚመጣ የገባቸው የጠረጴዛ ልብስ ሲያራግፉ ነው። በዓመቱ ከእኔ ቀኝ እጅ በለጡ። ከስድስተኛው መነሻ ይወረውራሉ፣ ወደ ግራ ስትታጠፍ ያያሉ፣ "እሱ ከእኔ ይበረታል" ብለው ጥቂት እርምጃ ይጨምራሉ፣ ከዚያ ቁጥቋጦውን ሁሉ ይበረብራሉ። ለፈተሹት ቁጥቋጦ ከአሮጌ ሽርጥ የተቀደደ ነጭ ጨርቅ ያስሩለታል። የሜዳው ግራ ወገን የስለት ቦታ መሰለ። ቀኙ ባዶ ነበር። እኔ ወደ ባዶው ወገን ላለማየት አንገቴ እስኪደነዝዝ ድረስ ወደ ግራ ብቻ እመለከት ነበር። ሥራ ላይ ፎርክሊፍት እየነዳሁ "የእኔን ውሰድ" የሚለው ድምፅ ከኋላዬ ይመጣል። አንድ ሁለቴ ዞሬያለሁ።

ባለፈው መጋቢት ሜዳው ተሸጠ ተባለ። ሰኞ አጥር ይገባል፣ መሬቱ ይታረሳል አሉን። እትዬ ብዙነሽ ቅዳሜ በጠዋት እንሂድ ብቻ አሉኝ።

ዓርብ ከፈረቃ ስወጣ ብቻዬን ሄድኩ። በቀኝ በኩል አጥሩን አልፌ ጥሻው ውስጥ ገባሁ። እሾህ ቧጨረኝ፤ ይበለኝ። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ሁለት ዓመት የተፈለገችው ዲስክ ግማሽ አካሏ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ፣ እዚያው ወደ ወረወርኳት አቅጣጫ ተጋድማ ነበር። ጠራረግኳት። ኪሩቤል ይላል፣ ተንጋዶ። ይዣት ቦዩ ውስጥ ተቀመጥኩ።

ያኔ መደወል ነበረብኝ። እኔ ግን ወደ ግራ ወገን ተሻግሬ፣ አንድ ቁጥቋጦ ሥር፣ ሣር ከላይ መልሼ አስቀመጥኳት። ነገ ያገኟታል፣ ደስ ይላቸዋል፣ እኔም እገላገላለሁ አልኩ። ለእሳቸው ያሰብኩ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ወረወሩ። ዲስካቸው ወደ ግራ ታጠፈች። እየፈተሹ መጡ፣ ቁጥቋጦው ጋ ደረሱ፣ ሣሩን ገለጡ። አነሷት፣ ገለበጧት። ስሙን በአውራ ጣታቸው ነካኩት። ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅኩ። ቀና ብለው ግን ቅርንጫፉ ላይ የታሰረውን ጨርቅ አዩ።

"ይህን ያሰርኩት እኔ ነኝ።"

"አምልጦዎት ይሆናል፣ እትዬ።"

"በፈተሽኩ ቁጥር አንድ ቋጠሮ እጨምርበታለሁ። ይኸው ሦስት አለው።" ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። "ማን አገኛት?"

"እርስዎ…"

"ኸባብ። ማን አገኛት?"

"እኔ።"

ዲስኳን ዘረጉልኝ። "ያገኘ ሰው ይደውላል። ደውል።"

ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ግን ከዲስኳ ላይ እያነበብኩ ነካሁ። ቦርሳቸው ውስጥ ጮኸ። አወጡት፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጥቂት እርምጃ ራቅ አሉ፣ አነሱት።

"ሃሎ" አሉ። ድምፃቸው በአንድ ጆሮዬ ከስልኩ፣ በሌላው ከሜዳው ገባ።

"ሃሎ… ዲስክ አግኝቼ ነበር።"

"የልጄ ናት። እሱ የለም፤ እናቱ ነኝ። የት አገኘሃት?"

"በቀኝ በኩል። ቦዩ ውስጥ።"

"የእሱ ወደ ቀኝ አትሄድም።"

"እሱ አይደለም የወረወራት፣ እትዬ። እኔ ነኝ። ግራኝ ነኝ። ነፋስ ነበር፣ የእኔን ውሰድ ብሎ ሰጠኝ። ጣልኩበትና ትቼው ሄድኩ። በማግስቱ የመጣው እኔ የጣልኩትን ሊፈልግ ነው። ልቅሶ ቤት የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት እያየሁዎት ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።"

አውሮፕላን በላያችን ዝቅ ብሎ አለፈ። እስኪያልፍ ጠበቁ። ስልኩን ከጆሯቸው አላነሱም።

"ስለደወልክ እግዜር ይስጥልኝ" አሉ፣ ዲስክ ለመለሰ ለማንኛውም መንገደኛ እንደሚባለው። ከዚያ ስልኩን አጠፉት። መጥተው ዲስኳን ከእጄ ወሰዱ፣ ፊቴን ሳያዩ ወደ መንገዱ ሄዱ። ከኋላቸው መከተል አልደፈርኩም፤ ግን እስኪሻገሩ ድረስ ቆሜ አየሁ።

ሰኞ አጥሩ ገባ። ቁጥሩን ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ደውዬበታለሁ። ናይሮቢ ሁሉ በቃሉ የሚያውቃት የስልክ ኩባንያው ሴትዮ በስዋሂሊ፣ ደንበኛው አይገኝም ትለኛለች።

በአራተኛው ሳምንት ምግብ ቤት ሄድኩ። እባረራለሁ ብዬ ነው የሄድኩት፤ መባረርም ይሻለኝ ነበር። ሮሃ አይታኝ ወጥ ቤት ገባች። እትዬ ብዙነሽ ማስታጠቢያውን ይዘው ወጡ። ሰላም አላሉኝም። እንደ ልማዴ ቀኝ እጄን ዘረጋሁ፤ አፈሰሱልኝ፣ ታጠብኩ። ጨረስኩ ብዬ እጄን ስሰበስብ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ አልተንቀሳቀሱም።

"ግራህንም" አሉኝ።

ከጉልበቴ ላይ አነሳኋት።